ዩፎርቢያ ካራኪያስ ለጓሮ፣ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ

ይሄን ተክል ብዙ ሰው ይገዛና ካበበ በኋላ ግንዱ መድረቅ ሲጀምር ሞተብኝ ብሎ ይነቅለዋል፣ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ተክሉ ምንም አልሆነም። የካራኪያስ አንድ ግንድ የሁለት ዓመት እድሜ ነው ያለው፣ መጀመሪያ ዓመት ቅጠል ብቻ ያወጣል በሁለተኛው ያብባል ከዛ ይደርቃል፣ በዛን ጊዜ ግን ከስሩ አዳዲስ ቀንበጦች እየመጡ ነው። ስለዚህ አበባው ሲያልቅ ያበበውን ግንድ ብቻ ለይታችሁ ከታች ቁረጡት። እንደ አጥር ከላይ እኩል የሚከረክሙት አሉ፣ እባካችሁ ተዉት፣ የሚቀጥለውን ዓመት አበባ ነው አብራችሁ የምትጥሉት።

ውበቱ ላይ ምንም አልከራከርም። ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ አረንጓዴ ነው፣ ብርድ ሲመጣም አይረግፍም፣ ከ1 ሜትር በላይ ይቆማል፣ ፀደይ ላይ ደግሞ ቢጫ አረንጓዴ ትልልቅ የአበባ ራስ ያወጣል እና ለሳምንታት እንዳማረበት ይቆያል፣ አበባ የሚመስለው ነገር አብዛኛው ቅጠል ስለሆነ ቶሎ አይጠወልግም።

አንድ ኮከብ የቀነስኩት በወተቱ ነው። የቁልቋልና የቅንጭብ ዘመድ ስለሆነ በተቆረጠ ቁጥር ነጭ ወተት ይፈሰዋል፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ በጣም አደገኛ ነው፣ ወዲያው በብዙ ውሃ አጥቦ ሐኪም ጋር መሄድ ነው። ጓንትና መነፅር ሳታደርጉ መቀስ አታንሱ፣ ቆዳ ላይ ከነካችሁ በሳሙና ታጠቡ። ትንንሽ ልጆች የሚጫወቱበት ጓሮ ከሆነ እኔ አትትከሉት ነው የምለው።

መሬቱ ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ ውሃ የማይቋጥር ይሁን፣ የሜዲትራኒያን አካባቢ ተክል ነው፣ ስር ከሰደደ ድርቅ ይችላል ውሃ የተኛበት ስር ግን ይበሰብሳል። ጭቃማ አፈር ያላችሁ ከፍ ያለ መደብ ሰርታችሁ ጠጠር ቀላቅሉበት፣ ማዳበሪያም አታብዙበት ግንዱ ይልፈሰፈሳል። እድሜው ረጅም አይደለም ግን ዘሩን ራሱ ስለሚበትን አጠገቡ የሚበቅሉትን ችግኞች ትንሽ እያሉ ማዛወር ይቻላል፣ ካደጉ በኋላ መነቀል አይወዱም።

ጓሮአችሁ ጥላ ከሆነ ግን ካራኪያስን ተዉትና ሮቢዬ የሚባለውን ሌላ የዩፎርቢያ ዓይነት ፈልጉ፣ ደረቅ ጥላ ስርም ይበቅላል፣ በመሬት ውስጥ ስለሚስፋፋ ብቻ ብዙ ቦታ ስጡት።