የሬዲዮ ቃል ወይስ ቀይ መብራት?

አውሮፕላን ሳይፈቀድለት ማኮብኮቢያ ላይ እንዳይገባ ከሚደረጉ ጥንቃቄዎች አንዱ በጆሮ፣ ሌላው በዓይን ይሠራል።

በጆሮ የሚሠራው ትእዛዝን መልሶ መናገር ነው። ተቆጣጣሪው «ከማኮብኮቢያ 27 በፊት ቁም» ሲል አብራሪው ያንኑ ከነቁጥሩ ይደግመዋል፤ «እሺ፣ ሰምቻለሁ» አይበቃም። ተቆጣጣሪውም ድግሙን ከልብ ማድመጥ አለበት፣ ሥራ ሲበዛ የሚሳሳውም ይሄኛው ጎን ነው። መሣሪያ አይጠይቅም፣ የትም ይሠራል። ችግሩ ሰው የጠበቀውን መስማቱ ነው። በ1977 (እ.ኤ.አ.) በስፔኗ ደሴት ቴኔሪፌ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ ተጋጭተው 583 ሰው ሲያልቅ፣ የአንደኛው አብራሪዎች የተነገራቸውን ደግመው ነበር፤ ከተነሱ በኋላ የሚከተሉትን መንገድ ብቻ የሚገልጸውን የበረራ መስመር ፈቃድ ግን የመነሻ ፈቃድ አድርገው ወሰዱት። ከዚያ ተቆጣጣሪውና የሌላኛው አውሮፕላን አብራሪ በአንድ ጊዜ ተናገሩና ወሳኙ ቃል በሬዲዮ ፉጨት ተዋጠ።

በዓይን የሚሠራው ስቶፕ ባር ነው፦ ታክሲዌዩን (አውሮፕላን ወደ ማኮብኮቢያ የሚሄድበትን መንገድ) አግድም የሚያቋርጥ የቀይ መብራት ረድፍ። ተቆጣጣሪው ሲፈቅድ ያጠፋዋል። በቃል ተፈቅዶ ቀዩ ካልጠፋ አብራሪው ቆሞ ይጠይቃል፤ ትልቁ ጥቅሙም ይሄ ነው፣ የተሳሳተ ጆሮን ዓይን ያርመዋል። ግን ተከላና ጥገና ይፈልጋል፤ ብዙ ቦታም የሚበራው እይታ ሲቀንስ ብቻ ነው። በጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) በቶኪዮ ሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ የሁለት አውሮፕላኖች ግጭት በደረሰበት ምሽት እነዚህ መብራቶች ከአገልግሎት ውጪ ነበሩ።

እኔ ብመርጥ፣ ታክሲዌይ ማኮብኮቢያን በሚያቋርጥበትና ጭጋግ በሚበዛበት ቦታ መብራቱን፣ ያውም ሌት ተቀን የሚበራውን።