ማቆየት ወይስ መፈተሽ? ኮሌራና የቀይ ባሕር መርከቦች

በ1865 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኮሌራ ከሐጅ ተመላሾች ጋር በሱዌዝና በእስክንድርያ አድርጎ አውሮፓ ገባ። በዓመቱ ቁስጥንጥንያ (የዛሬዋ ኢስታንቡል) የተሰበሰቡት የአገራት ልዑካን መርከብን ለይቶ በማቆየትና በሐኪም በመፈተሽ መካከል ተከራከሩ።

ወጪ፦ ማቆያ ደሴት፣ ድንኳን፣ ንጹሕ ውሃና ጠባቂ ይፈልጋል፤ የቆመ መርከብ ደግሞ በየቀኑ ይከስራል። ለፍተሻ ሐኪም፣ ልብስ በእንፋሎት የሚያጸዳ ምድጃና የቴሌግራፍ መረጃ ይበቃል። ብሪታንያ ፍተሻን የደገፈችው የሕንድ ንግዷንም አስባ ነው።

አደጋው ላይ ግን ሁለቱም ቀዳዳ አላቸው። የኮሌራ ምልክት የሚታየው ከጥቂት ሰዓት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ፍተሻ ገና ያልታመመውን ያሳልፋል። ማቆያም ጤነኛውንና ታማሚውን ከአንድ ውሃ ካጠጣ ራሱ በሽታውን ያሰራጫል። መዘግየት የፈራ ካፒቴንም ታማሚ ይደብቃል።

ለየትኛው መርከብ የትኛው? የ1892ቱ የቬኒስ ስምምነት መርከቦችን ጤነኛ፣ ተጠርጣሪና የተበከለ ብሎ ከፈለ። ሐኪምና ማጽጃ ምድጃ ለያዘ መርከብ ፍተሻው ይስማማል። ሰው ለታጨቀበት የሐጅ መርከብ ግን፣ ውሃው እስከተጠበቀ ድረስ፣ በቀይ ባሕር፣ የመን አጠገብ ባለው በካማራን ደሴት እንደነበረው ያለ ማቆያ ይሻላል።