ስቬያ 123፦ አሮጌ የጉዞ ምድጃ ማደስ ለሚጀምር ሰው

አሮጌ የጉዞ ምድጃዎችን ሰብስቦ ማደስ የሚፈልግ ሰው በየትኛው ይጀምር ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ስቬያ 123 ነው። ይህን የምለው ከሁሉም ስለሚበልጥ አይደለም፤ ከእርሱ የበለጠ ኃይል ያላቸው፣ ብርድ የሚችሉና ድስት ሲጫንባቸው የማይወዛወዙ ምድጃዎች ሞልተዋል። የምመርጠው ሊበላሽ የሚችለው ክፍሉ እጅግ ጥቂት በመሆኑና የተበላሸውንም ቢሆን ተራ የእጅ መሣሪያ ያለው ሰው ፈትቶ ሊለውጠው ስለሚችል ነው። እዚህ የምገመግመው ሲሠራበት ቆይቶ በሁለተኛ እጅ የሚገኘውን አሮጌውን 123 እንጂ ከፋብሪካ አዲስ የወጣውን አይደለም።

ምድጃው የስዊድን ሥሪት ነው። ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት እ.ኤ.አ. በ1892 ላምባን በግፊት አትንኖ ያለ ጥላሸት የሚያነደውን የፕሪሙስ ምድጃ ከሠራ በኋላ በዚያች አገር በርካታ ፋብሪካዎች በዚሁ ሥራ ተሰማርተዋል። ስቬያ የሚለው ምልክት የመጣው ካርል ሪካርድ ኒበርግ ካቋቋመው ፋብሪካ ሲሆን፣ ኒበርግ በመጀመሪያ የታወቀው ነበልባል በሚተፋው የመበየጃ ችቦው ነበር። በነገራችን ላይ ይኸው ሰው በችቦዎቹ እሳት በሚፈላ የእንፋሎት ሞተር አውሮፕላን ለማብረር ብዙ ዓመት ደክሞ አልሆነለትም። 123 የተባለው ሞዴል ለገበያ የቀረበው እርሱ ካረፈ ከዓመታት በኋላ በ1955 ሲሆን፣ ምልክቱ በ1969 ኦፕቲመስ ወደተባለው ሌላ የስዊድን ኩባንያ ተዛውሯል።

ምድጃው ቁመቱ 13 ሳንቲሜትር፣ ስፋቱ 10 ሳንቲሜትር ያህል፣ ክብደቱም ከግማሽ ኪሎ ጥቂት ያልፋል፤ የነዳጅ መያዣው 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። ፓምፕ የለውም፤ ውበቱም ድክመቱም ከዚህ ይጀምራል። ከመያዣው መሐል ሽቅብ በቆመው የናስ ቱቦ ውስጥ ያለው የጥጥ ክር ቤንዚኑን እየሳበ ወደ ላይ ያደርሳል፤ ቱቦው ሲግል ቤንዚኑ ይተንና በኖዝሉ (በትነት መውጫው አፍንጫ) ጠባብ ቀዳዳ ተወርውሮ ሲወጣ ከጎኑ አየር ይዞ በላዩ ካለችው ትንሽ ሳህን ጋር ይጋጫል፤ በሳህኗም ዙሪያ ሰማያዊ ነበልባል ይዘረጋል። ከነበልባሉ የሚወርደው ሙቀት መያዣውን ስለሚያሞቀው ግፊቱ ሳይወድቅ ይቆያል፤ ምድጃው ራሱን በራሱ ይገፋል ማለት ነው። ነገር ግን ይኸው ሙቀት ከልክ ካለፈ ግፊቱም አብሮ ከልክ ያልፋልና በነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጥ በሞላ የሚሠራ የደኅንነት ቫልቭ ተቀምጧል። አዲስ ገዢ ከሁሉም አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ክፍል ይህ ነው።

ሻጭ ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው የናሱን ጸዳል ነው፤ ገዢው ግን ምድጃውን ገልብጦ ሥሩን ማየት ይኖርበታል። የመያዣው ሥር ወደ ውጭ ተነፍቶ ከተገኘ አንድ ጊዜ ከሚገባው በላይ ሞቆ ግፊት አስጨንቆታል ማለት ነውና፣ ምንም ያህል ቢያምር ለመደርደሪያ ካልሆነ በስተቀር አልገዛውም። ቀጥሎ የሚታየው የኖዝሉ ቀዳዳ ነው። ያለ ልኩ በሆነ መርፌ ሲጎረጎር የኖረ ኖዝል ቀዳዳው ስለሚሰፋ እሳቱ ቢጫ ይሆንና ድስት ያጠቁራል፤ ደግነቱ ኖዝሉ ተፈትቶ የሚለወጥ በመሆኑ ይህ ጉድለት ግዢውን ለመተው በቂ ምክንያት አይደለም። እሳቱን የሚከፍተውና የሚዘጋው የመቆጣጠሪያ ዘንግ አልዞር ካለ በግድ መጠምዘዝ አይገባም፤ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጥቶ መታገሥ ይሻላል። ስንጥቅ መኖሩን ለማወቅ ደግሞ ባዶውን መያዣ ክዳኑንና ዘንጉን ዘግቶ ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ መንከር ይበቃል፤ በውስጡ የታፈነው አየር ሲሞቅ ስለሚሰፋ ቀዳዳ ካለ አረፋ እያወጣ ራሱን ያጋልጣል።

እድሳቱ መጀመር ያለበት ከነዳጅ መሙያው ክዳን ነው። ቫልቩ ሲፈታ ከሞላው ጫፍ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ጎማ ትወጣለች፤ በአሮጌ ምድጃ ላይ ይህች ጎማ በጥፍር ስትነካ እንደ ጎማ አትለጥጥም፣ ትፈረፈራለች እንጂ። እንዲህ የደረቀች ጎማ ሁለት ዓይነት ጥፋት ታደርሳለች፦ ወይ ቫልቩ ላይ ተጣብቃ መከፈት በሚገባው ጊዜ እንዳይከፈት ታግደዋለች፣ ወይም ሳያስፈልግ የቤንዚን ትነት ታሳልፍና ከክዳኑ ወደ ጎን የሚተፋ እሳት ይነሣል። ስለዚህ ይህች ጎማም ሆነች የክዳኑ ማሸጊያ ጎሚኒ ቤንዚንና ሙቀት በሚችል ቪቶን በተባለው ጎማ መለወጥ አለባቸው። የሞላው ጥንካሬ በፋብሪካ የተወሰነ ስለሆነ አይነካም፤ የተገኘውን የብዕር ሞላ ቆርጦ መተካት በእሳት መጫወት ነው። ክዳኑ ራሱ ጥርሱ የተበላ ከሆነ ሙሉውን በአዲስ መተካት የተሻለ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነው። ቱቦው ከመያዣው ተፈትቶ አሮጌው ክር ይወጣል፤ በአሮጌ ነዳጅ ዝቃጭ ጠቁሮ ከደረቀ በንጹሕ የጥጥ ክር ይተካል። ሰው ሠራሽ ክር እዚህ ቦታ የለውም፣ ይቀልጣልና። ዘንጉ በሚያልፍበት በኩል ትነት የሚያፈስ ከሆነ በመጀመሪያ ማጥበቂያው ትንሽ ይጠበቅ፤ ካልቆመ በውስጡ ያለው የግራፋይት ማሸጊያ ይለወጣል።

ስለ ማጽዳት ግን ከብዙ ሰብሳቢዎች ጋር አልስማማም። ናሱን መስታወት እስኪመስል መወልወል የዕድሜውን መልክ ከማጥፋቱም በላይ የሚጎዳበት መንገድ አለው። አሞንያ ያለባቸው ማጽጃዎች ተወጥሮ የተቀረጸ ናስን ሊሰነጥቁት ይችላሉ፤ ምድጃው ደግሞ ግፊት የሚይዝ ዕቃ ነው። በኮምጣጤ ወይም በሲትሪክ አሲድ ውስጥ መዘፍዘፍም ለጥቂት ጊዜ ካልሆነ በቀር ከላዩ ያለውን ዚንክ እየበላ ናሱን ወደ ሐምራዊ ቀይ ይለውጠዋል። የብርጭቆ ወረቀት የሚነካውን ሰውማ ባላየው እመርጣለሁ። ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ጥላሸቱንና ቅባቱን ያስለቅቃሉ፤ ከዚያ የተረፈው የጠቆረ ቡናማ መልክ ጉድፍ ሳይሆን የምድጃው ታሪክ ስለሆነ እንዳለ ቢተው ይሻላል።

የታደሰው ምድጃ ሲነድ እንዴት ነው? ለማቀጣጠል በመያዣው አናት ላይ፣ በቱቦው ሥር ባለችው ጎድጓዳ ቦታ ጥቂት አልኮል ይፈስና ይለኮሳል፤ ነበልባሉ ሊጠፋ ሲል በሰንሰለት የተንጠለጠለውን ቁልፍ ወደ ግራ መክፈት ነው። ቱቦው በደንብ ሳይግል የተከፈተ እንደሆነ ያልተነነ ቤንዚን ይወጣና ከፍ ያለ ቢጫ ነበልባል ያስነሣል፤ በዚህ ጊዜ ዘግቶ እንደገና ማሞቅ እንጂ መደናገጥ አያስፈልግም። አንዴ ከተያያዘ በኋላ ድምፁ አጠገቡ ተቀምጦ ለማውራት የማይመች ጉርምርምታ ነው። እኔ ይህን ድምፅ እወደዋለሁ፤ ጸጥታ ፍለጋ ከከተማ የወጣ ሰው ግን ላይወደው እንደሚችል አልክድም። አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት ጥሩ አቅም አለው፤ በአንድ ሙሌትም አንድ ሰዓት ያህል ይነድዳል። እሳቱን ዝቅ አድርጎ ወጥ ማንተክተክም ይቻላል፤ በዚህ ረገድ ከብዙ ዘመናዊ የጉዞ ምድጃዎች የተሻለ ነው።

ድክመቶቹ የሚመነጩት ከአሠራሩ ነው። ፓምፕ ስለሌለው በብርቱ ብርድ ግፊት የሚፈጥርለት ሙቀት ያጣል፤ በበረዶ ላይ ሲቀመጥማ ከሥሩ ቅዝቃዜ የሚከላከል ነገር ካልተነጠፈለት ይደክማል። ድስት የሚቀመጥባቸው ሦስት እግሮች ጠባብ በመሆናቸው ሰፊ ድስት ያንጋድዳሉ፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ከሚበቃ ዕቃ በላይ አልጭንበትም። የንፋስ መከላከያው ለቀላል ንፋስ ይበቃል፤ ይሁንና ንፋስ በረታ ብሎ ምድጃውን ዙሪያውን በቆርቆሮ መክበብ ሙቀቱን በመያዣው ላይ ስለሚያፍን ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ነዳጁም የሚመርጥ ነው፦ ለምድጃ የተጣራ ንጹሕ ቤንዚን ይፈልጋል። የመኪና ቤንዚን ቢነድለትም በውስጡ ያሉት ጭማሪዎች ክሩንና ኖዝሉን ይደፍናሉ፤ ላምባ ደግሞ በዚህ ሙቀት በሚገባ ስለማይተን አይሆነውም። እንደማንኛውም የቤንዚን ምድጃ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያወጣ ቦታው ደጅ እንጂ ድንኳን ውስጥ አይደለም።

ኋላ የመጣው 123 አር ኖዝሉን ከውስጥ የሚያጸዳ መርፌ ተጨምሮበታል። ለሚጓዝበት ሰው ምቹ ነው፤ ለሚያድሰው ግን መርፌውን የሚያንቀሳቅሱት ጥርሶች ሲገጠሙ ከዘንጉ ጋር በትክክል ካልተገናኙ ወይ መርፌው ቀዳዳውን እንደደፈነ ይቀራል፣ ወይም ጭራሽ አይደርስም። ለጀማሪ መርፌው ለብቻው የሆነውን አሮጌውን እመርጥለታለሁ። በብረት ሣጥን ተከቶ የሚታጠፈው ኦፕቲመስ 8 አር ደግሞ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ድስት ይበልጥ ያረጋጋል፤ ሆኖም ሣጥኑ ስለሚዝግ የእድሳቱን ሥራ እጥፍ ያደርገዋል። እንደ ኩባያ የሚያገለግለው የ123 የላይኛው የአሉሚኒየም ክዳን ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ስለሚገኝ፣ ቁልፉና ኩባያው አብረውት ያሉ ምድጃ ከተገኘ መልኩ ቢጠቁርም ቅድሚያ ይሰጠው። ሳይሠራበት የሚቀመጥ ከሆነም ቤንዚኑ ተደፍቶ፣ መያዣው ደርቆ፣ አዲሱ ጎሚኒ ተጨፍልቆ እንዳይቀር የመሙያው ክዳን ላላ ተደርጎ ይቀመጥ።