መሣሪያ ለሚያጥቡ የሆስፒታል ሠራተኞች የቱን ጓንት እንግዛ?

ለሆስፒታል ዕቃ የሚገዛ ሰው ጓንት ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚያዝዘው በመቶ ፍሬ የታሸገውን የምርመራ ጓንት ነው። ይህ ጓንት በሽተኛ ለሚመረምር ሐኪምና ለነርስ የተሠራ ስለሆነ፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የወጣ ደም የነካው መቀስና ፎርሴፕስ (የቀዶ ሕክምና መቆንጠጫ) በባልዲ ለሚያጥብ ሠራተኛ አይበቃም።

የምርመራ ጓንት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱም 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሠራተኛዋ እጇን ወደ ባልዲው ስትሰድ የቆሸሸው ውሃ በጓንቱ አፍ ገብቶ ጣቶቿ ጫፍ ላይ ይጠራቀማል። ሁለት ደርቦ ማጥለቅ የተለመደ መላ ቢሆንም፣ የሁለቱም አፍ እኩል ስለሚያጥር ውሃውን አያስቀረውም። ወፍራሙ የጎማ ጓንት ግን 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚረዝም አፉን ወደ ውጭ አጥፎ ውሃው ወደ ክርን እንዳይወርድ ማድረግ ይቻላል። ስለታም ነገር ጨርሶ አይበሳውም ማለት አይደለም። በደም የሚተላለፈውን የጉበት በሽታ፣ የሄፓታይተስ ቢን ክትባት ያልወሰደ ሰው ቫይረሱ ያለበት ደም የነካው መርፌ ቢወጋው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከ6 እስከ 30 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ክትባቱም ከጓንቱ ጋር በበጀት ይያዝ። ቀድሞ ይመከር እንደነበረው መሣሪያው ከመታጠቡ በፊት ለ10 ደቂቃ በ0.5 በመቶ ክሎሪን ተዘፍዝፏል ተብሎም ጓንቱ አይቀርም።

በዋጋ ረገድ አንዱ ጥንድ ወፍራም ጓንት ውድ ይመስላል። ሆኖም አንድ ሠራተኛ በቀን 4 ጥንድ የምርመራ ጓንት ከቀየረ መቶ ፍሬው ሁለት ሳምንት አይሞላውም፤ ወፍራሙ ግን ታጥቦና ደርቆ፣ እስኪሰነጠቅ ወይም እስኪላላጥ ድረስ ያገለግላል፤ ለየሠራተኛው የራሱ እስከተሰጠው ድረስ። ከወፍራሞቹ መካከል ከተፈጥሮ ጎማ የሚሠራው ላቴክስ ለእጅ ይመቻል፤ ሆኖም አንዳንዶችን ያሳክካል፣ ዘይትም ያበላሸዋል። ከሰው ሠራሽ ጎማ የሚሠራው ናይትሪል ጠጠር ቢልም እኔ እሱን እመርጣለሁ። ማሸጊያው ላይ የአውሮፓ የጥራት ደረጃ (ኢኤን፣ EN) ምልክቶችን፣ ማለትም ኬሚካልን ለመቋቋም ኢኤን 374፣ መበሳትንና መቀደድን ለመቋቋም ኢኤን 388 የሚሉትን ይፈልጉ፤ ኢኤን 455 ብቻ ከተጻፈበት የሕክምና ጓንት ነው።

ብዙ ጊዜ ገንዘብ የሚባክነው በጓንቱ ልክ ምርጫ ነው። ሁሉም በአንድ ትልቅ ቁጥር ሲገዛ እጇ ትንሽ የሆነች ሠራተኛ ቀጭኑን መቀስ መያዝ ያቅታትና ጓንቱን አውልቃ ታጥባለች፤ ተቆጣጣሪውም ቸልተኛ ይላታል።

ለዓይን መነጽርና የፊት መከለያ አሉ። መነጽር በአውቶክሌቩ (መሣሪያን በእንፋሎት ከጀርም በሚያጸዳው ማሽን) ሙቀት ቶሎ ጉም ይይዛል። መከለያው ከአገጭ በታች የሚወርድ ከሆነና አፍና አፍንጫ በማስክ ከተሸፈነ እሱ ይሻላል። የጨርቅ ጋወን ውሃ ስለሚመጥ በላዩ የፕላስቲክ ሽርጥ ያስፈልጋል።

ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ከእያንዳንዱ ልክ አንድ ናሙና ወደ ማጠቢያው ክፍል ይወሰድና፣ የምታጥበው ሠራተኛ አጥልቃው ትንሹን መቀስ ከባልዲው ታንሳበት።