ባለጎማው የቆርቆሮ ቪት ለጣና ዳር ጣሪያ

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ላለ መጋዘን ወይም የጀልባ መጠለያ ሚስማሩን ትቶ ባለጎማ ቪት መግዛት ያዋጣል? ያዋጣል፤ ግን አመራረጡና አመታቱ ካልተበላሸ ነው።

ሚስማር የሚይዘው እንጨቱ ጨብጦት ብቻ ነው። ባሕር ዛፉ ሲደርቅ፣ ቆርቆሮውም በነፋስ ሲወዛወዝ፣ እየላላ ይወጣል። ቪቱ ጥርስ ስላለው እንዲህ በቀላሉ አይነቀልም። ቆርቆሮው ለሚመታበት እንጨት፣ ለ5 በ7 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ፣ 6.3 በ75 ሚሊ ሜትር የሆነውን ይውሰዱ። አጭሩ፣ 25 ሚሊ ሜትሩ፣ ለብረት የተሠራ ስለሆነ የቆርቆሮውን ጎርባጣ ከፍታ አልፎ እንጨቱን እምብዛም አይነካም። ጎማውን በጥፍር ይጫኑት፤ ወደ ቦታው ካልተመለሰ በባሕር ዳር ፀሐይ ቶሎ ተሰነጣጥቆ ያፈሳል። የማይዝገው ውድ ዓይነት ለጨው ባሕር ነው፤ ጣና ጨው የለውም፣ ዚንክ የተቀባው ይበቃል።

ትራፓኖውን ጎማው ከሮንዴላው ጠርዝ ትንሽ ብቅ ሲል ያቁሙ። ካለፈ ጎርባጣው ይጨፈለቅና ውኃ ይቋጥራል።

ነፋስ ጣሪያን የሚነቅለው ከማዕዘንና ከከፈፍ ጀምሮ ነው። ከዳር እስከ አንድ ሜትር ተኩል በየሁለተኛው ጎርባጣ፣ መሃል ላይ በየሦስተኛው ይምቱ። ሞራሌው ከወራጁ፣ ወራጁም ከግድግዳው በፌሮ ካልታሰረ ግን ጥሩ ቪት ጣሪያውን ከነሞራሌው እንዲሄድ ከማድረግ ሌላ አይፈይድም። ሻጮች ይህን አይናገሩም።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 2018 ማይክል የተባለው ሃሪኬን (ከውቅያኖስ የሚነሣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነፈሰ ፍሎሪዳ ያለውን የቲንዳል አየር ኃይል ሰፈር ሲመታ የአውሮፕላን ሃንጋሮቹ ጣሪያ ሳይቀር ተገነጣጥሏል። ጣና ሃሪኬን አያውቅም፤ የነፋሱ ፍጥነት በግማሽ ሲያንስ ግፊቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለሃንጋርም ለመጋዘንም ግን ነገሩ አንድ ነው፦ ትልቁ በር ከተገነጠለ ነፋሱ ገብቶ ጣሪያውን ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ለበሩ ከላይም ከታችም መቀርቀሪያ ያስገቡለት።

ለጀልባ ማቆሚያው የእንጨት ወለል ይህን ቪት አይግዙ። እዚያ ኃይሉ የሚመጣው ከሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢቫን የተባለው ሃሪኬን፣ የባሕር ኃይል ጣቢያ ባለባት የፍሎሪዳዋ ፔንሳኮላ አጠገብ የኢስካምቢያ ወሽመጥ ድልድይን የኮንክሪት ወለሎች ሳይቀር በሞገድ ከቦታቸው አንስቷል። ጣናም ክረምቱ ሲወጣ ስለሚሞላ ሞገዱ ሳንቃውን ከታች ይመታል። ሳንቃውንና ተሸካሚውን አልፎ የሚወጣ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን ከሰፊ ሮንዴላና ከሁለት ዳዶ ጋር ያስፈልጋል፤ በሳንቃዎቹም መካከል ውኃው የሚተነፍስበት የአንድ ጣት ክፍተት ይተው።