ጅማ መርካቶ ያሠራሁት የቡና እርጥበት መለያ ስክሪፕት

ቡና ሰብስቤ አቀርባለሁ። ቡና ሲደርስ ቀኑን ሙሉ እርጥበት ስለካ ነው የምውለው፣ የእህቴ ልጅ ደግሞ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጽፋል። የትኛው ጆንያ ደረቅ፣ የትኛው እርጥብ እንደሆነ መለየቱ ሲያደክመን ጅማ መርካቶ አካባቢ አንድ የኮምፒውተር ሱቅ ሄጄ ስልክ ላይ የሚሠራ ትንሽ ስክሪፕት አሠራሁ። ቁጥር ታስገባለህ፣ «ደረቅ»፣ «ልክ» ወይም «እርጥብ» ይልሃል፣ በቃ። 2,500 ብር ከፈልኩ፣ በሁለት ቀን ደረሰልኝ። ስህተቱንም ስለማወራ የሱቁን ስም አልጠራም።

የእኔ ልክ ከ10 እስከ 12 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ቡና በጅማ ዝናብ መጋዘን ውስጥ ከከረመ ይሻግታል። በጣም የደረቀው ደግሞ ሲፈለፈል ይሰባበራል፣ ሚዛንም ይቀንሳል።

የመጀመሪያ ቀን ሁሉም «ልክ» ሆነልኝ፣ ደስ አለኝ። በማግስቱ ማድረቂያ አልጋ ላይ በደንብ ያልከረመ ቡና መጣ፤ ስጨብጠው እንኳን ያስታውቃል፣ መለኪያው 19 አለ፣ ስክሪፕቱ ግን «ልክ»። 7 አስገባሁ፣ አሁንም «ልክ»። እሱን አምኜ ቢሆን ኖሮ እርጥቡን ከደረቁ ጋር ቀላቅዬ ጉድ ሆኜ ነበር። ተናድጄ ስልኬን ይዤ ተመለስኩ።

እዚህ ላይ ስክሪፕቱን የሠራልኝን የሱቁን ልጅ አመሰግነዋለሁ። አልተከራከረኝም። «ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ፣ አብረን እንየው» አለና ኮዱን ከፈተው። መስመሩ ይሄ ነበር፦

10 <= እርጥበት <= 12

ለዓይን ምንም ችግር የለበትም። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ቢጻፍም በትክክል ይሠራል። የእኔ ግን የተሠራው ጃቫስክሪፕት በሚባል ሌላ ቋንቋ ነው፣ እሱ ደግሞ ከግራ ይጀምርና መጀመሪያ «10 ከ19 ያንሳል ወይም እኩል ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እውነት ነው። ከዚያ 19ኙን ይተወውና «እውነት» የሚለውን መልስ 1 ብሎ ቆጥሮ ከ12 ጋር ያወዳድረዋል። 1 ከ12 ያንሳል። 7 ስታስገባ ደግሞ መልሱ ሐሰት ነው፣ ሐሰት 0 ይሆናል፣ 0ም ከ12 ያንሳል። ምንም ቁጥር ብታስገባ «ልክ» ነው! ስህተት አለ ብሎ እንኳን አይነግርህም፣ እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ኤክሴል ላይ እንደዚሁ ብትጽፈው ደግሞ በተቃራኒው ሁሌ ሐሰት ይላል አለኝ። ቤት ሄጄ ሞከርኩት፣ እውነቱን ነው።

ያስተካከለው ጥያቄውን ለሁለት ከፍሎ ነው፦

እርጥበት >= 10 && እርጥበት <= 12

&& ማለት «እና» ነው። በእሱ ፋንታ «ወይም» የሚለውን || ብታደርግ ተመልሰህ እዚያው ነህ፣ ምክንያቱም ከ10 የሚያንስም ሆነ ከ12 የሚበልጥ ቁጥር ቢያንስ አንዱን ያሟላል።

ከዚያ 12.4 አስገባሁ። ባዶ! ለካ «እርጥብ» የሚለው ከ13 ጀምሮ ነበር የተጻፈው፣ የእኔ መለኪያ ደግሞ ነጥብ ያወጣል፣ በ12 እና በ13 መሀል ያለው ሁሉ ሜዳ ላይ ቀርቷል። ልጁ ሁሉንም አጠፋና በቅደም ተከተል ጻፈው። ከ10 በታች ከሆነ «ደረቅ»። ካልሆነና ከ12 ካልበለጠ «ልክ»። ከዚያ የተረፈው በሙሉ «እርጥብ»። አሁን መሀል ላይ የሚጠፋ ቁጥር የለም። ለዚህ ሁሉ ተጨማሪ ብር አልጠየቀኝም።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዱን የቀነስኩት ሳይሞክረው ስላስረከበኝ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የምታሠሩ ካላችሁ ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ድንበሩ ላይ ያሉትን ቁጥሮች እዚያው ሱቅ ውስጥ አስገቡ። ለእኔ 9.9፣ 10፣ 12 እና 12.1 ነበሩ። 19 እና 7ንም ጨምሩ። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ ፎቶ ኮፒ የሚያሠሩ ተማሪዎች ሱቁን ይሞሉታል።