በብርሃን ለመሳል የቱ ካሜራ? ያረጀው ካኖን 600ዲ፣ ኒኮን ዲ3200፣ ኦሊምፐስ ወይስ አዲሱ 4000ዲ

«ጨለማ ውስጥ በእጅ ባትሪ እየተሣለ የሚነሳውን ፎቶ ለመጀመር የቱን ልግዛ?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ መልሴን አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ያገለገለ ካኖን 600ዲ ግዙ። ቀሪው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ገንዘብ ያድናል።

ከዋጋ እንጀምር። 600ዲ በ2011 ሲወጣ (የካሜራዎቹን ዓመት በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ከ18-55 ሌንሱ ጋር 899 ዶላር ነበር። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ያገለገለው የዚያን ሩብ በማይሞላ ዋጋ ይገኛል። አዲስ አበባ ግን ሌላ ዓለም ነው። በእኛ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ተለቆ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100ን ሲያልፍ፣ ከዓመታት በፊት ገብቶ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ ካሜራ ሳይቀር «በዶላር የመጣ» ሆነ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ በእሱ አስመጡ። የሌላችሁ ደግሞ ሻጩ ስለ ቪዲዮ ጥራትና ስለ ሜጋፒክስል ሲያወራ አትስሙት፤ ለዚህ ሥራ ብር የሚጨመርባቸው ነገሮች አይደሉም። አይኤስኦ 100 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ የማይነቃነቅ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ)፣ ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) እስከፈለጋችሁ ክፍት የሚያቆይ ባልብ የሚባል ማስተካከያ፤ በቃ። ፎቶ አንሺው ጆን ሚሊ በ1949 ሠዓሊውን ፒካሶን በአየር ላይ በብርሃን ሲያስሥለው የተጠቀመው ፊልም ነበር።

አዲሱን ካኖን 4000ዲ ብዙ ሰው የሚወስደው «ከነካርቶኑ ነው» ስለሚባል ነው። በ2018 የወጣ ካሜራ ሲሆን ዋጋው የወረደበት ምክንያት እጃችሁ ላይ ይታያል። ሌንሱ የሚገጠምበት ቀለበት ፕላስቲክ ነው። ከዚያ የባሰው፣ ካሜራውን ሳይነኩ ሹተሩን የሚከፍተው የሪሞት ገመድ መሰኪያ የለውም። አራት ደቂቃ ሙሉ ቁልፉን በጣታችሁ ተጭናችሁ ከቆማችሁ ብርሃኑን ይዞ የሚዞረው ማን ሊሆን ነው? «በስልክ ይታዘዛል» ይሏችኋል፤ ዋይፋዩ ባትሪ ሲጨርስ ግን አብረዋችሁ አይቆሙም። ኒኮንም በዚያው ዓመት ባወጣው ዲ3500 ላይ የሪሞት ገመዱንም ያለ ገመድ የሚሠራውን ኢንፍራሬድ ሪሞትም አስቀርቷል፤ እሱንም እለፉት።

600ዲ ላይ ያለችው የሪሞት ቀዳዳ ተራ 2.5 ሚሊሜትር ናት፤ የድሮ ስልኮች ኢርፎን ይሰካባት የነበረችው ዓይነት። ሦስት ክፍል ያለው መሰኪያ ፈልጉ። ጫፉ ከግርጌው ጋር ሲገናኝ ሹተሩ ይከፈታል፣ ሲላቀቅ ይዘጋል። መሰኪያውንና አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ለስልክ ጠጋኝ ብትሰጡት ሻይ ሳትጨርሱ በይዶ ይሰጣችኋል። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ኮፒ ሪሞት ግን መቆለፊያው ቶሎ ይላላል፤ ፎቶው መሃል ላይ ሹተሩን ይዘጋባችኋል። ሌላም አለ፦ ማጂክ ላንተርን የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር 600ዲ ላይ ይሠራል፤ የባልብ ሰዓት ሞልታችሁበት ያለ ምንም ገመድ መሄድ ትችላላችሁ።

ኒኮን ዲ3200 መጥፎ አይደለም። እንዲያውም የፎቶው ጨለማ ቦታ ላይ ከካኖኑ የተሻለ ዝርዝር ይይዛል። በትንሿ ኢንፍራሬድ ሪሞትም አንዴ ስትጫኑ ይከፈታል፣ ደግማችሁ ስትጫኑ ይዘጋል። የገመዱ መሰኪያ ግን የራሱ ቅርጽ ስላለው ከተበላሸ በብየዳ አይተካም። ቤት ውስጥ የኒኮን ሌንስ ካላችሁ ውሰዱት።

ኦሊምፐስ ኢ-ኤም10 ልቤን ያስከፋኛል፤ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ የሚመስለው እሱ ነውና። በ2014 ይዞት የመጣው ላይቭ ኮምፖዚት የሚባለው የማንሻ ዘዴ አዲስ የገባውን ብርሃን ብቻ ስለሚጨምር፣ የመንገድ መብራት ፎቶውን አያቃጥለውም፤ ሥዕሉም እስክሪኑ ላይ እየተሠራ ይታያችኋል። የኮሪደር መብራት ባደመቀው ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ 600ዲ የያዝነው መብራት እስኪጠፋ እንጠብቃለን፣ እሱም ብዙ አያስጠብቀንም። ነገር ግን ሌንስ ሲጨመርበት ዋጋው የሁለት 600ዲ ይጠጋል። ሲበላሽ ደግሞ ዕቃ ከየት ይመጣል? የሚፈታው ጠጋኝ እንኳ ብታገኙ መለዋወጫ የለውም። የካኖኑን ግን ከሞተ ሌላ 600ዲ ላይ ነቅሎ ይሠራላችኋል።

አሁን ስለ ባትሪ። የ600ዲ ኦሪጅናል ባትሪ ኤልፒ-ኢ8 ላይ የተጻፈው 1120 ሚሊአምፔር-ሰዓት ነው። በዚያው መጠን «1800» የሚል ካያችሁ ፎርጅድ ነው። ረጅም ሹተር ባትሪ ይበላል፣ ፎርጅዱም ይግልና ያብጣል። የአንድ ጓደኛዬ ባትሪ ካሜራው ውስጥ አብጦ አልወጣ ብሎ፣ በር ተሰብሮ ነው የወጣው፤ ለበሩ የከፈለው ኦሪጅናል ባትሪ ይገዛለት ነበር።

ስትገዙ «ስንት ሺህ አንስቷል?» በሚለው ብዙ አትጨነቁ። የሠርግ ፎቶ አንሺ በአንድ ቀን ሺህ ጊዜ የሚያስጮኸውን ሹተር እናንተ በአንድ ማታ ሃያ ጊዜ ብትከፍቱት ነው። የሚያሳስበው ለቪዲዮ ሲሠራ የኖረው ነው፤ ሹተሩ ትንሽ ቆጥሮ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ግን ለሰዓታት ሲግል ከርሟል። የሌንሱን ክዳን ግጠሙ፣ አይኤስኦ 800 አድርጉ፣ ሁለት ደቂቃ ክፈቱና ፎቶውን አጉልታችሁ እዩ። ጥቂት ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለ ነው፤ እስክሪኑን ከሞላው ዋጋ ሳትጠይቁ መልሱት። ከዚያ ታጣፊውን እስክሪን እየዘረጋችሁ አዙሩት፣ መሃል ላይ ከጠፋ ገመዱ እያለቀ ነው። ሌንሱን ኤፍ 22 ላይ አድርጋችሁ ዙም ሳታደርጉ በ18ም፣ ዙም አድርጋችሁ በ55ም አንሱ፤ «ኧር 01» የሚል የስህተት መልእክት ካሳየ የሌንሱ ውስጥ ገመድ ተቆርጧል፣ ያኔ ለካሜራው ብቻ ተከራከሩ።

ከመከራከሩ የተረፈው ብር ወደ ትራይፖድ ይሂድ። ፕላስቲክ አንገት ያለውን ቀጭኑን አትግዙ፣ ነፋስ ሲመጣ ካሜራውን ይዞት ይወድቃል። ከባድና ያረጀ የቪዲዮ ትራይፖድ ካገኛችሁ፣ ካሜራውን ወደ ጎን የሚያዞረው ፓን ማድረጊያው ቢጠብቅም ለእናንተ ምንም አይደለም፤ በዚያ ሰበብ ዋጋውን አስቀንሱት።